በጥር የተመሰገነች

መምህርት ገላነሽ ሰው ማመስገን ትወዳለች። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳይቀር ይቀለድባታል፤ «ገላነሽማ ዘበኛውንም በር ዘጋልን ብላ ታስጨበጭብለታለች» ይሏታል። እሷ ስቃ ታልፈዋለች። ጠባዩ ከየት እንደመጣባት ታውቀዋለችና።

አንበሳሜ ተወልዳ ስታድግ አንድም ቀን ከእናቷ አፍ «ጎበዝ» የሚል ቃል ሰምታ አታውቅም። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ይልቁንም እንግዳ በሚበዛበት በጥር ወር፣ እናቷ አጠገቧ እያስቀመጠቻት «ይቺማ እንቅልፋም ናት፤ ደብተር ይዛ ከመዞር በቀር የምታውቀው ሥራ የላትም» ትል ነበር። ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ እየሮጠች የገባች ዕለት እንኳ ቤቱ እንግዳ ሞልቶት ነበርና፣ እናቷ ካርዱን ከእጇ መንጭቃ ከተቀመጠችበት መደብ ቁርበት ሥር ሸጎጠችው። ልጅ ነበረች፤ ጓሮ ዞራ አለቀሰች። እናቷ ስትሞትም ልቅሶው ላይ ሌላው ሰው እያሞገሰ ሲያነባ ገላነሽ ዓይኗ ደርቆ ተቀመጠች። ቂሟን እንደያዘች ቀበረቻት። መምህር ስትሆን ታዲያ ለራሷ የማለችው መሐላ አንድ ነው፤ ምስጋና የሚገባትን ሴት ልጅ ምስጋና አልነፍግም።

የምታስተምርበት የመንግሥት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወረታ አልቃ የፎገራ ሜዳ ከሚጀምርበት ዳር ላይ ነው። ከተማሪዎቹ ግማሹ የከተማ ነው፤ የነጋዴ፣ የሹፌር፣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ። ግማሹ የሜዳው ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መስከረም ላይ እግራቸውን ማየት ይበቃል፤ የሜዳዎቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ውሃው ሳይሸሽ መምጣት አይችሉም፣ ሲሸሽ ደግሞ የሩዝ አጨዳ ይደርሳል። የከተማው ልጅ ሁለት ምዕራፍ ሲጨርስ የሜዳው ልጅ ገና ደብተሩን ይሸፍናል። ፈተና ሲመጣ ታዲያ ማን ከላይ ማን ከታች እንደሚሆን ለማወቅ ጠንቋይ መጠየቅ አያሻም።

በዚህ ላይ ጸጥታው ደፍርሶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ተዘግቶም ሲከርም ልጆቹ በዕድሜ ገፍተዋል። ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ጢም የሚላጭ ወንድ አለ። ሴቶቹ ዐሥራ ስድስት ሞልቷቸዋል። ዐሥራ ስድስት የሞላት ልጅ የስምንተኛ ክፍል ወንበር ላይ ስትቀመጥ መምህሯ የምታየው ተማሪ ነው፤ ሰፈሯ የሚያየው ሌላ ነው። መስከረም ላይ ሲመዘገቡ ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበልጣሉ። ሰኔ ላይ ለክልሉ ፈተና ሲቀመጡ ወንበሩ የወንድ ይሆናል። ርዕሰ መምህሩ ኪዳነ ማርያም ይህን በመቶኛ አስልቶ ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ያየዋል፤ ማየት ብቻ።

አምና ገላነሽ አንዲት ተማሪዋ ልትዳር መሆኑን ሰምታ ለሚመለከታቸው አመልክታ ነበር። አባትዮው ታሰረ፤ ልጅቱ ግን በዚያው ሌሊት የጉማራን ወንዝ ተሻግራ ዘመድ ቤት ተወሰደች። ሠርጉ የማኅበር ድግስ ተብሎ ተበላ። ልጅቱን ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። ገላነሽ ሕጉን ታምንበታለች፤ የሚደርሰው ግን ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ ነው ትላለች።

ዘንድሮ ተስፋዋ ሁሉ ያረፈው አገኘሁሽ ላይ ነበር። አገኘሁሽ ከሜዳው፣ ከቁሐር ሚካኤል በእግሯ የምትመላለስ፣ ንግግር የማታበዛ፣ ሒሳብ ሲሰጣት ግን እርሳሱን ከወረቀቱ ሳታነሳ የምትጨርስ ልጅ ናት። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ከከተማውም ከሜዳውም፣ ከወንዱም ከሴቱም አንደኛ ወጣች። የሜዳ ሴት ልጅ አንደኛ ስትወጣ ገላነሽ በዚያ ትምህርት ቤት ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ለክልሉ ፈተና ከደረሰች እንደምታልፍ፣ ካለፈችም ሌሎቹን ሴቶች እንደምትስባቸው አልተጠራጠረችም። ጥያቄው መድረሷ ነበር።

የወላጆች ቀን በጥር ማብቂያ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተደረገ። ጥምቀት ካለፈ ገና ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው፤ ሰዉ የክት ልብሱን አላወለቀም። ገላነሽ ድምፅ ማጉያውን ስትጨብጥ ደስታዋን መያዝ አቃታት።

«ይቺን ልጅ እዩልኝ!» አለች። «ከወንዱ ሁሉ በልጣ፣ ከከተማው ሁሉ በልጣ አንደኛ ወጥታለች። ጨዋ ናት፣ ታዛዥ ናት፣ ሒሳብ እንደ ውሃ ትጠጣለች። አባቷስ የታሉ? አያ ባየህ፣ እባክዎ ይነሡልን፤ አገር ይይዎት!»

ባየህ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ። ጭብጨባውና እልልታው ቀለጠ። እናትየዋ ሰገን ግን ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ተሸፈነች። ገላነሽ በደስታ ያለቀሰች መሰላት፤ እሷም እንባ መጣባት።

የካቲት ገብቶ ብዙም ሳይቆይ አገኘሁሽ እጅ ማውጣት ተወች። ሰሌዳው ላይ ስትጠራ ጠመኔውን ይዛ ትቆማለች እንጂ አትሠራም። ገላነሽ ከክፍል አስቀርታ ጠየቀቻት።

«ሽማግሌ መጣብን ቲቸር» አለች ልጅቱ፣ ጫማዋን እያየች። «የአያ መንግሥቴ ቤት ነው። ሁለት ጊዜ መጡ። በሦስተኛው አባቴ ቃል ይሰጣል። ሠርጉ ለግንቦት ነው አሉ።»

«ፈተናውስ? ፈተናው ሰኔ ነው እኮ!»

«ብያቸው ነበር። ‹እኛ ቤት ገብተሽ የሩዝ መፈልፈያውን ሚዛን ታነቢያለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ምን ፈተና ያሻሻል› አሉኝ።»

አያ መንግሥቴ ሩዝና ሽንኩርት የሚነግዱ፣ በቅርቡም የሩዝ መፈልፈያ የተከሉ የተከበሩ ሰው ናቸው። በወላጆች ቀን ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። ገላነሽ አሁን ትዝ አሏት፤ ከሌላው ሁሉ ዘግይተው፣ እያሰላሰሉ ነበር ያጨበጨቡት።

ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ቁሐር ሄደች። ባጃጁ ከአስፋልቱ ላይ አወረዳትና በእግሯ ቀጠለች። ክረምት ላይ ታንኳ የሚያስፈልገው ሜዳ አሁን ተሰነጣጥቋል፤ የሽንኩርቱ ማሳ ብቻ በሞተር ውሃ እየተሳበለት ለምልሟል። ባየህ ከማሳው ተጠርቶ መጣ፣ እጁን ታጠበ፣ ጠላ አስቀዳላት። ፊቱ ላይ ክፋት የለም። ክፉ ሰው ቢሆንማ ነገሩ በቀለላት ነበር።

«አያ ባየህ፣ ልጅቱ ገና ዐሥራ ስድስቷ ነው። ሕጉም አይፈቅድም።»

«ሕጉን እንሰማለን፣ መምህርት። እኔ መች ሽማግሌ አምጡ ብዬ ዞርሁ? እቤቴ ቁጭ ባልሁበት ነው የመጡብኝ። ምን ብለው መጡ መሰለዎ? ‹ያቺን ባደባባይ የተመሰገነችውን› ብለው። ያሳዩዋት እርስዎ አይደሉ?»

«እኔ ያመሰገንኋት ለትምህርቷ ነው!»

«እርስዎ ለትምህርቷ ይሆናል። በጥር፣ ልጅ በሚታጭበት ወር፣ አገር በተሰበሰበበት ልጅቱን ከነአባቷ ያቆመ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ እኛ በሌላ አናውቀውም። ጨዋ ናት፣ ታዛዥ ናት አሉ። እንግዲህ ምን ቀረ?» ጠላውን ጨመር አደረገላት። «እርስዎም እኮ የአንበሳሜ ልጅ ነዎት። የኛን ወግ ያጡታል ብዬ አላሰብሁም።»

ገላነሽ ጠላውን አስቀምጣ ተነሣች። ስትወጣ ሰገን እስከ በረቱ ሸኘቻት፤ ሰው እንደማይሰማ ካየች በኋላ ክንዷን ያዘቻት።

«ስንት ጥር ደብቄያት ነበር መሰለዎ» አለች። «እንግዳ ሲመጣ ሰነፍ ናት እላለሁ። እንቅልፋም ናት፣ ያማታል እላለሁ። ልጄ ታኮርፈኛለች። ታኩርፍ! ያኮረፈች ልጅ እናቷ ቤት ታድራለች፤ የተመሰገነች የሰው ቤት ታድራለች። እርስዎ በአንድ ቀን ገለጡብኝ።»

ገላነሽ የበረቱን አጥር ይዛ ቆመች። እንቅልፋም ናት። ሥራ አታውቅም። በጥር፣ እንግዳ ሲበዛ። ከመደቡ ቁርበት ሥር የተሸጎጠው ካርድ። እናቷ ልጅዋን ስትሰድብ አልነበረም፤ ስትደብቃት ነበር። ደብቃ ደብቃ ነው ለመምህርነት ያበቃቻት። እሷ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን አኩርፋ፣ በመጨረሻም ደረቅ ዓይኗን ይዛ ቀበረቻት። እስከ አስፋልቱ ድረስ እያለቀሰች ሄደች፤ መንገደኛ ቢያያትም ግድ አልሰጣት።

የሦስተኛው ቀጠሮ እሑድ ነበር። ሐሙስ ዕለት አያ መንግሥቴ ራሳቸው ትምህርት ቤት መጡ። ከዋርካው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ገላነሽን አስጠሯት፤ ስትመጣም በዚያ ዕድሜያቸው ብድግ አሉላት።

«ቃል ሳይሰጥ ላጣራ ብዬ ነው» አሉ። «ልጄ ሰውመሆን የዋህ ነው፤ ቁጥር አይዘልቀውም። መፈልፈያው ላይ ሚዛኑን የምታነብ፣ ገበሬውም እንዳይበደል እኛም እንዳንጎዳ የምትይዝልኝ ምራት እፈልጋለሁ። ባደባባይ ያሉት እውነት ነው ወይ?»

ገላነሽ ከቁሐር ከተመለሰች ጀምሮ ይህንኑ ነበር የምታሰላስለው። የገዛ እናቷ ስለ እሷ ትለው የነበረውን ልትል ቆረጠች።

«አያ መንግሥቴ፣ ልጅቱ እኮ ሰነፍ ቢጤ ናት። እንቅልፍም ይጫናታል።»

ሽማግሌው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ይሄን እናቷም ብላናለች! እኔም ሴት ልጅ ድሬያለሁ መምህርት፤ በጥር ሰነፍ ናት የተባለች ልጅ ደኅና ልጅ ናት ማለት ነው። ይሄ የእናት ነው። እርስዎ የእርስዎን ይንገሩኝ። መምህር ነዎት፣ አይዋሹም።»

ከክፍሉ ውስጥ የልጆች ድምፅ ይሰማል። አገኘሁሽም እዚያው ናት። ሰኔ ሩቅ ነው፣ እሑድ ቅርብ ነው። ገላነሽ አንድ ነገር ብቻ እንደቀራት አየች፤ የእናት ሐሰት ካልሠራ የመምህር ሐሰት አለ። ሲያስቡት የሚዘገንን ነበር። አንዲት መምህር ስለ ተማሪዋ ልትናገረው የምትችለው ከሁሉ የከፋው ቃል ነው።

«ኮርጃ ነው» አለች።

«አልሰማሁም?»

«አንደኛ የወጣችው ከሰው ኮርጃ ነው። እኔም የደረስሁበት ኋላ ነው።»

አያ መንግሥቴ ሳቃቸው ጠፋ። መሬቱን በዘንጋቸው ጫፍ ነካኩ። «በሰው እህል ሚዛን ላይ የሰው ቁጥር የምትሰርቅ ልጅ አላስቀምጥም» አሉ በመጨረሻ። ተነሥተው እጅ ነሷት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጥፋት አወጡኝ።» ይህ ምስጋና ከስድብ ሁሉ በልጦ አቃጠላት።

እሑድ ሽማግሌ አልመጣም። ሰኞ ደግሞ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ክፍል ገብቶ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል? አገኘሁሽ ስትቀመጥ አጠገቧ ያለችው ልጅ ደብተሯን በክንዷ ሸፈነች። ከኋላ ያሉት ወንዶች «ኮራጅ» እያሉ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ርዕሰ መምህሩ ገላነሽን ጠርቶ ማስረጃ እንዳላት ጠየቃት፤ የለኝም አለችው። «ታዲያ ለምን አልሽ?» ሲላት የልጅቱ ውጤት እንዳይነካ ብቻ ለመነችው። ኪዳነ ማርያም በነገሩ ግራ ተጋብቶ፣ ማስረጃ የሌለውን ነገር አልጽፍም ብሎ ተወው።

በዕረፍት ሰዓት አገኘሁሽ በሩ ላይ ጠበቀቻት። አላለቀሰችም።

«ቲቸር፣ ስኮርጅ አይተውኛል?»

ገላነሽ እውነቱን ልታወጣው ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ወደ ቦታሽ ተመለሽ» አለቻት።

ሰገን በማግስቱ መጣች፤ በቁጣ ነበር የመጣችው። ባየህ በውርደት አብዷል። ‹ለሌባ ምን ትምህርት› ብሎ ደብተሯን እሳት ሊጨምር ከእጁ አስጥላዋለች። «እኔ ደብቂልኝ አልሁ እንጂ ግደያት አልሁ?» ብላ ጮኸች፤ እርስዎ ማለቱንም ረሳችው። ገላነሽ ከግቢው ጥግ ወስዳ ሁሉንም ነገረቻት፤ አያ መንግሥቴ እንዴት እንደሳቁ፣ ሌላ ቃል እንዳልቀራት። ሰገን ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ለረጅም ጊዜ አልተነሣችም።

«ልንገራት፤ አልቻልሁም» አለች ገላነሽ።

«አይንገሯት።» ሰገን ቀና አለች። «አባቷ ሲሰድባት አትችልም፣ ታወጣዋለች። ባየህ ካወቀ ደግሞ ስሙን ሊያድስ ዕለቱን መንግሥቴ ደጅ ይገኛል። ሽማግሌው ይመለሳል። እኔ ባየህን እይዘዋለሁ፤ ትፈተንና ከወደቀች ያኔ ታስቀራታለህ እለዋለሁ። እርስዎ ቂሟን ይቻሉት።»

ገላነሽ ቻለችው። ያ መንፈቀ ዓመት ከኖረችው ሁሉ ረዘመባት። አገኘሁሽ የሒሳብ ጥያቄ ሲሰጥ ቀድማ ትጨርሳለች፣ ወረቀቷን ገልብጣ ታስቀምጣለች፣ ቀና ብላ አታያትም። የምታጠናው ለፈተናው አልነበረም፤ በንዴት ነበር። መምህራኑ ገላነሽ ማመስገን እንደተወች አስተዋሉ፤ ቀልዱም አብሮ ቀረ።

ሰኔ ላይ ፈታኞች ከሌላ ወረዳ መጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ገላነሽ በመስኮት አየች፤ አገኘሁሽ ከተመደበችበት ተነሥታ ፈታኙን አንድ ነገር ጠየቀችው። ከዚያ ወንበሯን ራሷ እየጎተተች ከሁሉም ርቃ፣ ከፈታኙ አፍንጫ ሥር ብቻዋን ተቀመጠች። ፈታኙ ምን እንደሆነ አልገባውም። ገላነሽ ገባት፤ መስኮቱን ትታ ሽንት ቤቱ ጀርባ ሄዳ አለቀሰች።

ውጤቱ የመጣው ውሃው ገና ከሜዳው ሳይሸሽ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ከተፈተኑት ሁሉ አገኘሁሽ በለጠች። ካርድ የሚሰጥበት ቀን ግቢው በሜዳ ሰው ተሞላ፤ ባየህ እስከ ጭኑ ረጥቦ፣ ልጁን ከፊቱ አስቀድሞ ገባ። ድምፁ ከአጥር ማዶ ይሰማል።

«የታለች ያቺ መምህርት? ኮራጅ ያለቻት ልጅ ይቻትላችሁ! እስቲ አሁን ምን ትይኛለሽ? ከማን ኮረጀች? ከፈታኙ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። በሕዝቡ መሐል የአያ መንግሥቴ ሰዎችም ነበሩ፤ ሰውመሆን እንዳላገባ አገር ያውቃል። አገኘሁሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ከየካቲት ወዲህ ቀና ብላ መምህሯን አየቻት። ስትጠብቅ ነበር። አንድ ቃል፣ ተሳስቼ ነበር የሚል፣ ጎበዝ የሚል።

ገላነሽ አፏን ከፈተች። ቃሉ ደረቷን ሞልቶታል። ከባየህ ጀርባ፣ በሩ አጠገብ ሰገን ቆማለች፤ ነጠላዋን ቀስ ብላ ወደ ዓይኗ ስትስበው አየቻት። ዘጠነኛ ክፍል ገና አልተጀመረም። ጥርም በየዓመቱ ይመጣል።

«ፈተናው ዘንድሮ ቀላል ነበር» አለች ገላነሽ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ዕድል ቀንቷት ነው። ብዙም አይመኩባት አያ ባየህ፤ ልጅቱ እንቅልፋም ናት። ምዝገባው ሰኞ ነው፣ ካረፈደች ቦታ አታገኝም።»

ሰዉ አጉረመረመ። ባየህ «ምቀኛ!» ብሎ ምራቁን ጢቅ አደረገ። አገኘሁሽ ካርዷን ተቀበለችና መምህሯን አንድ ጊዜ አየቻት። ገላነሽ ያን አስተያየት አወቀችው። እሷ ራሷ እናቷን ያየችበት ነው፤ ካርዱ ቁርበት ሥር የገባ ዕለት።

ልጅቱ ፊቷን አዙራ ወጣች፤ ከአባቷ ጋር ውሃ ወደ ሸፈነው ሜዳ ወረዱ።